ለእህቴ ጓደኛ ያዘዝኩት ሃያ ዙር

የሆሳዕናን ሴቶች ሩጫ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ትስቃለች፤ ትሳቅ። ከእኔ በፊት በዚያ ከተማ ሴት ስትሮጥ የታየችው፣ ወይ ያሰጣችው እህል ዝናብ ሊመታባት ሲል፣ ወይ ጥጃ ገመድ በጥሶ ሲያመልጣት ነው። ከዶዮገና እስከ ሀቢቾ፣ ከጊምቢቹ እስከ ዱራሜ ዞራችሁ ብትጠይቁ፣ በፊሽካ አርባ ሴት ያስነሳ ወንድ ከእኔ ሌላ አታገኙም። ዘመኑ የደርግ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አምስት ነው። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። በግራና በቀኙ ነጭ መስመር የወረደበት ሰማያዊ ቱታ አለኝ፤ ስራመድ ነፋሱ መንገድ ይለቅልኛል ይባል ነበር። ይባል ነበር ያልኩት፣ እኔው እል ስለነበር ነው።

ነገሩን ያመጣው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ጓድ መምህር» አለኝ። ያኔ «ጓድ» ተብሎ የተጠራ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መውጫው በር የት እንደሆነ ነው።

«ሰፊው ሕዝብ በትርፍ ጊዜው ስፖርት እንዲሠራ መመሪያ ወርዷል። የሴቶች ማኅበሩን ለአንተ ሰጥተንሃል።»

«ሁሉንም?» አልኩት።

«ምነው፣ አነሱህ?»

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ አሥራ አንድ ሴቶች መጡ። ፊሽካዬን ነፋሁና ከፊት ሆኜ ሮጥኩ። አንደኛውን ዙር እንደ አቦሸማኔ ዞርኩት። ሁለተኛውን እንደ በቅሎ። በሦስተኛው ላይ ጎኔን ወጋኝ፤ ልብ በሉ፣ ኮሌጅ ውስጥ እንኳ ስለ ሩጫ የማውቀው በአብዛኛው በጽሑፍ ነበር። አንድ በአንድ አለፉኝ። የመጨረሻዋ ልጅ ያዘለች ነበረች። እሷ ዞር ብላም አላየችኝ፤ የታዘለው ሕፃን ግን አንገቱን ጠምዝዞ እስክንራራቅ ድረስ በሐዘኔታ ተመለከተኝ።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስተነፍስ አንዲት ስድሳውን ያለፉ እናት አጠገቤ ቆሙ። በከተማው ዳር እንሰት የሚፍቁ ሴቶች አውራ ናቸው፤ ሁሉም «እማማ» ይላቸዋል። ከአፋቸው የሚወጣው አማርኛ የሀዲያኛን ዜማ የያዘ ነው፤ ሲቆጡም የሚዘፍኑ ይመስላሉ።

«ስፖርት የምትሉት ይኼ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን ይሆናል?»

«ሰውነት ያጠነክራል።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «የማንን ሰውነት?» አሉ። ቀጥለውም «ማክሰኞ እኔ ቤት የእንሰት ተራ ነው። ና። እኛም እናሠራሃለን» አሉኝ።

ሄድኩ። ሴቶቹ እንሰት የሚፍቁት በተራ ነው፤ ዛሬ እዚህ ቤት፣ በሌላ ቀን እዚያ ቤት፣ ሁሉም ለሁሉም። በደንቡ ወንድ ወደ ፋቂዎች አይጠጋም። እኔን ያስጠጉኝ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «አንተ እኮ መምህር ነህ» አሉኝና እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ዘመም ብሎ ከቆመው ሳንቃ ላይ የእንሰቱን ወፍራም ቅርፊት ዘርግተው፣ አንድ እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው ቅርፊቱን በተረከዛቸው ጥብቅ አድርገው ይይዙታል። ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከጠዋት እስከ ቀትር። እኔም እግሬን ሰቀልኩ። ሦስት ጊዜ ፋቅኩ። በአራተኛው ቋንጃዬን ቁርጥማት ያዘኝና ቱታዬ ከመሃል ለመሃል ተተረተረ። ሳቁ ዶዮገና ድረስ ተሰምቷል፤ እናቴ እዚያ ሆና ሰምታዋለች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሜዳው ላይ አራት ሴቶች ብቻ ቆሙ። ሊቀመንበሩ በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ ቆጠራቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈ፤ መጻፉ ነው ያስፈራኝ።

ስለዚህ ውሸት ፈጠርኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የቀበሌውን ሜጋፎን ተውሼ፣ ቅቤና ሸክላ በሚሸጥበት መሃል ቆሜ ጮህኩ። «እናቶችና እህቶች! በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ስፖርት ማህፀን ያጠነክራል! የማህፀን በር ካንሰርን ያባርራል!» ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣ ኮሌጅ ሳለሁ ከጻፍኩት ማስታወሻ ውስጥ «እንቅስቃሴ ለውስጥ አካላት ይጠቅማል» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። የውስጥ አካላቱን የዘረዘርኳቸው እኔ ነኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም ወዳጄ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ይህ ሕመም እምብዛም አያገኛቸው ይሆናል የሚሉ እንዳሉ ሲነግረኝ፣ ነቢይ ነኝ ብዬ ልነሳ ነበር። «ቁጭ በል» አለኝ፤ «ይረዳ ይሆናል ነው ያልኩህ እንጂ ምርመራን ይተካል አላልኩም።» እኔ ግን በዚያች ገበያ «ይሆናል» የሚባል ቃል አልተነፈስኩም። ሜጋፎን ለ«ይሆናል» አይመችም።

በሦስተኛው ቅዳሜ አርባ ሴት መጣ። ከሰሜን የመጡት የነጋዴና የሹም ሚስቶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠፍረው መጡ። የከተማው ዳር ሴቶች የባሎቻቸውን ሱሪ ከቀሚሳቸው ሥር አጥልቀው መጡ፤ በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱሪ ያጡ ባሎች ከቤት አልወጡም ይባላል። የቤት አያያዝ መምህሯ ኮፍያ አድርጋ መጣች። ሆስፒታል የምትሠራው ሲስተር ከተረኛነቷ ወጥታ በነጭ ሸራ ጫማ መጣች፤ እሷ ከሁላችንም በላይ ትሮጥ ነበር። የእኔን ፊሽካ የሚሰማ አልነበረም። እማማ መሃል ላይ ቆመው «ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ!» እያሉ በሀዲያኛ ሲቆጥሩ፣ ጎጃሜዋ የነጋዴ ሚስት ሳትቀር በሀዲያኛ እጇን ታነሳለች። ኳስ ሰጠኋቸው፤ ሕጉን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እነሱ የራሳቸውን ሕግ አውጥተው ነበር። በሕጋቸው ኳሱን የጣለች ሴት ለሁሉም ትዘፍናለች። እንደዚያ የሚያስቅ ሜዳ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሌላው ቀርቶ ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ፤ ያንን ያየ ሰው በከተማው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እትዬ እላታለሁ። አሳድጋኛለች ማለት ይቻላል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ በወር ሁለት ጊዜ ብቅ ቢል ነው። ዕድሜዋ ሃምሳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። መጀመሪያ ላይ በሩጫዬ ስትስቅ ከርማ፣ ከገበያው ጩኸቴ በኋላ ድንገት ሜዳ መምጣት ጀመረች። ቅዳሜ አልበቃ ብሏት ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ዶሮዎቿን እያስበረገገች ትዞራለች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቤቴ ድረስ የገባ ድል ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ጎመን እየከተፈች «አንተ» አለችኝ። «አንድ ጓደኛ አለችኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፋት። አሁን ደግሞ ደም ይታያታል። ትንሽ ትንሽ።» ቢላዋው አላቆመም። «ለእሷ ስንት ዙር ይበቃታል?»

እህቴ እንዲህ ያለ ነገር የምታወራለት ጓደኛ እንደሌላት አውቃለሁ። ጎመኑን አየሁ። መክተፊያውን አየሁ። እጇን አላየሁም። በቤታችን ውስጥ «ማህፀን» የሚለው ቃል ተጠርቶ አያውቅም። ለገበያ ሙሉ ሕዝብ በሜጋፎን የጮህኩትን ቃል፣ ጓዳ ውስጥ ለአንድ ሰው በሹክሹክታ መናገር አቃተኝ። ሐኪም ዘንድ ትሂድ ማለት ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል ነው። ይህን ብል ግን ማወቄ ይታወቃል፤ ከታወቀ ደግሞ ሁለታችንም በዚያች ጓዳ ውስጥ ዓይናችንን የት እናደርገዋለን?

«ሃያ» አልኩ።

«ሃያ?»

«ለ… ለጓደኛሽ። ሃያ ዙር።»

«አይበዛም?»

«እንግዲያው አሥራ ስምንት።»

«የለም፣ ሃያ ይሁን» አለች። «ያልከውን ታድርገው።»

በመጣው ቅዳሜ እህቴ ሃያ ዙር ሮጠች። ሌሎቹ አምስትም ስድስትም ሮጠው ኳሱ ዘንድ ሲሄዱ እሷ ብቻዋን ቀረች። እኔ ከጎን ቆሜ ቆጠርኩ። በአሥረኛው ላይ ሴቶቹ ኳሱን ትተው ያዩዋት ጀመር። በአሥራ አምስተኛው ፊቷ ዐመድ መሰለ። በአሥራ ሰባተኛው አንድ እጇን ከእምብርቷ በታች አድርጋ ያዘች፤ መሮጧን ግን አላቋረጠችም። ሃያኛውን ስትጨርስ እጇን ወደ ሰማይ አነሳች፣ አርባ ሴት አጨበጨበላት፣ እማማ እልል አሉ። በዕድሜዬ ያን ያህል የጠላሁት ጭብጨባ የለም። ወደ እኔ መጥታ ላቧን እየጠረገች «ጨረስኩላት» አለችኝ።

ከዚያ ሲስተርን ከሜዳው ጥግ ጠበቅኳት።

«ሲስተር፣ አንድ ጓደኛ አለኝ።»

«እሺ።»

«እህት አለችው። የወር አበባዋ ቆሞ ነበር፤ አሁን ደም…»

ሲስተር የጫማዋን ክር ማሰር ተወች። «ያንተ ጓደኛ» አለች ቀስ ብላ፣ «እህቱን ዛሬ ሃያ ዙር አስሩጧታል?»

ፊሽካዬን በቱታዬ መጥረግ ጀመርኩ።

«ሃያ ዙር ያዘዘላት ማን ነው?»

«አንድ… መምህር።»

«ለዚያ መምህር እንዲህ ብለህ ንገረው። መሮጧ ጥሩ ነው፣ ትሩጥ። ለሰውነቷ ይጠቅማታል። ቆሞ የነበረ ደም ተመልሶ ሲመጣ ግን በሩጫ አይመለስም፤ ገብታ መታየት አለባት። ምንም ላይሆን ይችላል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ ቀድመው ሲደርሱበትና አርፍደው ሲደርሱበት አንድ አይደለም። እኔ አርፍደው የመጡትን ነው የማየው።» ተነሳች። «ሌላም ንገረው። ሜጋፎኑን ይመልስ።»

እህቴን ራሷ አነጋገረቻት። እህቴ እምቢ አለች። የሴቶች መመርመሪያው በር በመንገዱ በኩል ነው፤ እዚያ የገባች ሴት ገና ሳትወጣ ወሬዋ ገበያ ይደርሳል። ወይ አስወርዳ ነው ትባላለች፣ ወይ ባሏ ከመንገድ ያመጣላት በሽታ ነው ይባላል። የሾፌር ሚስት ስትሆን ደግሞ ሁለተኛውን ለማመን ማንም አይቸገርም። «ልጆቼን ይዤ በዚህ ከተማ መኖር አለብኝ» አለቻት። «ዙሩን እጨምራለሁ።»

ዙሩን ጨመረች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃያ አራት።

ሃያ አራተኛው ሲያልቅ ሲስተር ሴቶቹን ሰብስባ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እኔንም አስቀመጠችኝ። ከመሃላችን አንዲት ሴት መመርመር እንዳለባት፣ ማን እንደሆነች ግን እንደማትናገር፣ ያቺ ሴትም በሩን ስለፈራች እንደማትሄድ ነገረቻቸው። እህቴ ሣር ትነጭ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት እማማ ናቸው። «የእንሰት ተራ ሲደርስ ባለቤቲቱ ብቻዋን ትፍቃለች እንዴ?»

«ኧረ አትፍቅም» አሉ የዳሩ ሴቶች።

«እንግዲያው ይኼም ተራ ነው። ሁላችንም እንግባ። የማን ቤት ተራ እንደሆነ መንገደኛው ይጨነቅበት።»

«እኔ እኮ ምንም የለኝም!» አለች የነጋዴው ሚስት።

«ከሌለሽ ምን ትፈሪያለሽ?»

«እርስዎስ እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን ሊታይልዎ?»

«እኔማ ዘጠኝ ልጅ አሳልፌበት አንድ ቀን ተመልሼ ጠይቄው አላውቅም» አሉ። «እስቲ ደኅና ነው ወይ በሉልኝ።»

ሣሩ ላይ የተንከባለለች ሴት ነበረች። ከዚያ ሳቅ በኋላ እምቢ ማለት የሚቻል አልነበረም። ከአርባዎቹ አሥራ ዘጠኙ እጃቸውን አወጡ። እህቴ አሥራ ሰባተኛዋ ነበረች፤ አየኋት።

ሲስተር ከሆስፒታሉ አዋላጅ ጋር ተነጋግራ ረቡዕ ከሰዓትን ያዘችላቸው። ዘዴው ይህ ነው። ከሜዳው ተነስተን እንደ ወትሮው ስፖርት እየሠራን፣ በሰልፍ እየሮጥን ሆስፒታሉ ግቢ ድረስ እንገባለን። እኔ ፊሽካ ይዤ ከፊት እሆናለሁ። «ፊት ፊት የምትሄደው ሴቶቹ ስለሚከተሉህ እንዳይመስልህ» አለችኝ ሲስተር፤ «ስፖርት መሆኑን ሰው እንዲያምን ነው።»

ወጣን። በገበያው ዳር ስናልፍ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው አዩን። የባሎች ሱሪ በቀሚስ ሥር ይርገበገባል፣ እማማ ይቆጥራሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። ሊቀመንበሩ ከቀበሌው በረንዳ ወርዶ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳና «በርቱ፣ ጓዶች!» ብሎ ጮኸ። «እንበረታለን!» አሉት። የት እንደሚበረቱ ቢያውቅ እጁ እዚያው ደርቆ ይቀር ነበር። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮብኝ አያውቅም። ቱታዬ ተሰፍቷል፣ ጎኔን አልወጋኝም፣ ከተማው በሙሉ ያየኛል።

የሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። አሥራ ዘጠኙ ሴቶች ወደ ቀኝ ታጥፈው ገቡ። እኔ ቀጥ ብዬ ሮጥኩ።

ዘበኛው «መምህር! በሩ በዚህ ነው!» ሲል ይሰማኛል። አልቆምኩም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እህቴና ሲስተር እንደነገሩኝ ነው የምነግራችሁ።

ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሞልተው ተደርድረው ተቀመጡ። መጀመሪያ እማማ ገቡ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው «ደኅና ነው! ቦታው ላይ ነው!» ብለው አወጁ፤ ከወንዶቹ ክፍል በሽተኞች ምን ተገኘ ብለው በመስኮት ብቅ አሉ። የቤት አያያዝ መምህሯ ኮፍያዋን ሳታወልቅ ገብታ ሳታወልቅ ወጣች። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ቆሞ አይቶ፣ የቱን ወሬ ከየቷ ጋር እንደሚያያይዝ ጨንቆት ሄደ። እህቴ መሃል ላይ ገባች። ከሌሎቹ ትንሽ ቆየች። አዋላጇ ሐኪሙን አስጠራች፤ ሐኪሙ ከማህፀኗ በር ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ሥጋ አገኘና አወጣት። ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላከች። እህቴ ስትወጣ የነጋዴው ሚስት ቦታ ለቃላት፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ቀጣይዋ ገባች።

መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት አለፉ። በእነዚያ ቅዳሜዎች ሐኪሙ እረፊ ስላላት እህቴ አልሮጠችም፤ ከሜዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፊሽካዬን ወሰደችብኝ። ከእኔ የተሻለ ትነፋለች። ማን ዙር እንዳጭበረበረች ከዚያ ሆና ትለያለች፤ እኔን ሁለት ጊዜ አስደግማኛለች። ሲስተር አንድ ቅዳሜ ወረቀት ይዛ ከሩቅ እየሮጠች መጣች። ካንሰር የለበትም። በየጊዜው እየመጣች ትታይ ይላል። እህቴ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ አደረገችና ፊሽካውን ነፋች፤ ረጅም፣ ትንፋሽዋ እስኪያልቅ። በዚያን ጊዜ የማን ቤት ተራ እንደነበር ሁሉም አወቀ፤ ሁሉም አላወቅኩም አለ።

በማግስቱ እህቴ ቤት አታካና ተሠራ። ቡላው በቅቤና በወተት ተነክሮ፣ አሥራ ዘጠኝ ሴት ከአንድ ትልቅ ገበታ ዙሪያ። ስንበላ እማማ ጣታቸውን እየላሱ «መምህር» አሉኝ። «የዚያን ዕለት ከበሩ ወዴት በረርክ?»

«እኔንም እንዳይመረምሩኝ ፈርቼ ነዋ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የነጋዴው ሚስት ቡላው ትን አላት፣ ጀርባዋን መቱላት። ይህን መልስ ከዚያ ወዲህ በየሠርጉና በየልቅሶው ቤት ስናገረው ኖሬአለሁ፤ ሁልጊዜም ያስቃል።

እህቴም ሳቀች። ሴቶቹ ሲሄዱ ግን ገበታውን እያነሳን «እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። «የት ነበርክ?»

ነገርኳት። ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ፣ ቤቱ አልቆ እርሻው እስከሚጀምርበት ድረስ ሮጥኩ። እዚያ ከአንድ ሰው አጥር ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ፊሽካው ከአፌ ውስጥ ነበር፤ በተንሰቀሰቅኩ ቁጥር ይጮህ ነበር፣ የአጥሩ ባለቤትም ወጥታ ሌባ መጣ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። የሮጥኩት ሐኪሞቹ የሚሏትን ላለመስማት ነው። ጓደኛዋ ማን እንደሆነች ጎመኑን ስትከትፍ አውቄ ነበር፤ አውቄ ሃያ ዙር አልኳት። ከዚያም እሷ በዚያ በር ስትገባ እኔ ሸሸሁ።